ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ጫካ

ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። 44 ዓመቴ ነው። ሥራዬ የሌሊት ነው፤ አንዲት አዛውንት ቤት እያደርኩ እንከባከባቸዋለሁ። እሳቸው በጊዜ ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። እኔና የግድግዳው ሰዓት ብቻ እንቀራለን።

ባለፈው ወር ልጄ ስልኬ ላይ የቤተ መጻሕፍቱን አፕ ጫነችልኝ። «እማዬ፣ ሌሊቱን በሐሳብ ከምትጨርሺው መጽሐፍ አዳምጪ» አለችኝ። መጽሐፉንም የመረጠችልኝ እሷ ናት። ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ነው። አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ሜይን ውስጥ፣ አፓላቺያን ትሬይል በሚባለው የእግር መንገድ ላይ ብቻውን ሲጓዝ ጫካ ውስጥ ይጠፋል። ታላቅ እህቱ የእግር መንገዱ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ መኪናዋን አቁማ፣ ስንቅ ይዛ ትጠብቀዋለች። በቀጠሮው ሰዓት አልመጣም። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለች አንድ ቀን ሙሉ ለማንም ሳትናገር ትቆያለች።

መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር። የምታነበው ሴት ድምጿ ደስ ይላል። 19ኛው ምዕራፍ ላይ ግን እህትየው ለፓርኩ ሬንጀር «ትናንት አይደለም፣ ዛሬ ጠዋት ነው የቀረው» ብላ ስትዋሽ፣ ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን ነቅዬ ጣልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ 12 ቀን ሆነኝ፣ አልነካሁትም። ድምፁ ግን አልለቀቀኝም። ጋደም ስል ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ልንገርዎት።

ያደግሁት መናገሻ ደን አጠገብ ነው። 11 ዓመቴ ሳለ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ የ6 ዓመት ታናሽ ወንድሜን ይዤ ጭራሮ ልለቅም ወጣሁ። ደከመኝ ብሎ ሲያለቅስብኝ አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር አስቀመጥኩት። «እዚህ ጠብቀኝ፣ እንዳትነቃነቅ» ብዬው ሄድኩ። ጭጋግ ወረደ። ስመለስ ዝግባውን አጣሁት ወይስ ልጁን አጣሁት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጮህኩ፣ ዞርኩ፣ ማንም የለም። ቤት ስገባ አባቴ «ልጁስ?» አለኝ። «አክስቴ ጋ ቀረ» አልኩ። ዱላውን ፈርቼ ነው። እውነቱን ያወጣሁት መሽቶ አባቴ ሊያመጣው ሲነሳ ነው። መንደሩ ችቦ ይዞ ወጣ። ያን ሌሊት ጅብ ሲጮህ እናቴ መሬቱን በእጇ ትመታ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የደን ጠባቂው አንድ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ኩርምት ብሎ አገኘው። ደህና ነበር። አባቴ አልመታኝም። «ይህን ነገር ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» ብቻ አለኝ። አሁን አባቴም እናቴም በሕይወት የሉም። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ በጣም ይወደኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ 33 ዓመት ያዝኩት። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

አሁን ደግሞ የ19 ዓመቷ ልጄ ሰኔ ላይ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለ9 ቀን በእግር ልትጓዝ ነው። ያው የመጽሐፉ መንገድ ነው። «አትሄጂም» አልኳት። ለምን ስትለኝ «እናትሽ ስለሆንኩ» አልኩ። እሷም «ሜይን ውስጥ በእውነትም አንዲት ሴት ጠፍታ ሞታለች፤ ግን ስንት ሺህ ሰው በሰላም ይመለሳል» አለችኝ። ይባስ አስፈራችኝ። ይኸው ሳምንት ሆነን፣ ከ«ደህና አደርሽ» በቀር አንነጋገርም።

መጽሐፉን ልጨርሰው ወይስ ይቅርብኝ? ልጄን ልከልክላት ወይስ ልልቀቃት? ለወንድሜስ ልንገረው?

ጭንቅ የያዛት፣ ከቨርጂኒያ

*

እህቴ፣ ሰሞኑን የ11 ዓመት ልጅ ቀርበሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?

የጎረቤቴ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። በቀደም የእናቷን ስኒ ሰበረች። ስባሪውን በካልሲዋ ጠቅልላ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀኑን ሙሉ ተሸክማው ዋለች። ማታ እናቷ ምሳ ዕቃ ልታወጣ እጇን ስትሰድ ጣቷን ቆረጣት። ልጅቷ ከእናቷ በላይ አለቀሰች። እኔ ቤት መጥታ ያለችኝን አልረሳውም። «ብነግራት ይሻል ነበር፤ ግን ያኔ አላወቅኩም» አለችኝ። የ11 ዓመት ልጅ ማለት ይህች ናት። ከፊቷ ያለው ቁጣ ይታያታል፤ ማታ የሚመጣው አይታያትም። ደብዳቤሽን ሳነብ «ዱላውን ፈርቼ ነው» ያልሽው ላይ ስደርስ ያቺ ልጅ ካልሲዋን ይዛ ፊቴ ድቅን አለች።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1981 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከወንድሞቹ ተለይቶ ጫካ ውስጥ ጠፋ። በሕይወት አልተገኘም። በፍለጋው ላይ የነበሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ለልጆች አንድ ትምህርት አዘጋጁ። ስሙ «ዛፍ እቀፍ» እንደማለት ነው። ልጅ ከጠፋ አንድ ዛፍ አቅፎ እዚያው ይቆይ ይላሉ። አጥብቀው የሚነግሩት ሌላም ነገር አለ፦ «አባትና እናትህ አይቆጡህም።» ለምን መሰለሽ? የጠፉ ልጆች የፈላጊዎቹን ድምፅ እየሰሙ ቁጣ ፈርተው የሚደበቁበት ጊዜ አለ። ቁጣን መፍራት ልጅን ጫካ ውስጥ እንኳ ዝም ያሰኛል። አንቺን ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ ዝም አሰኘሽ። ያው አንድ ፍርሃት ነው። የአንቺ ክፋት ያመጣው አይደለም።

ይህን የምልሽ ነገሩን ላቃልልብሽ አይደለም። ወንድምሽ ከመሸ በኋላ ነው ፍለጋ የተወጣለት። ይህ እውነት ነው። ያን ሰዓታት መልሰሽ ልታመጪያቸው አትችዪም። ግን ያንን ነገር ተሸክማው የኖረችው የ11 ዓመቷ ልጅ ናት፤ የ44 ዓመቷ ሴት እስካሁን አልተቀበለቻትም።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ።

የሚደመጥ ታሪክ በዓይን ከሚነበበው ለምን እንደሚከብድ ታውቂያለሽ? በወረቀት ያለውን ስታነቢ ስትፈሪ ገጹን ትዘልያለሽ። ከፈለግሽ መጨረሻውን ገልጠሽ «ይተርፋል ወይስ ይሞታል?» ብለሽ ታያለሽ። ጣትሽን ምልክት አድርገሽ ተነስተሽ ቡና ታፈያለሽ። በጆሮ ሲሆን ግን መንገዱን የያዘችው አንባቢዋ ናት። አንቺ ከኋላ ትከተያለሽ። እሷ ትንፋሿን ስትይዝ አንቺም ትይዣለሽ። በዚያ ላይ ሌሊት ነው፣ ብቻሽን ነሽ፣ ቤቱ የሰው ቤት ነው፣ ድምፁ የተሰካው ጆሮሽ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የሚደነግጥ ሰው ፈሪ አይባልም።

የእኛ ዘመን ሰው ታሪክ በጆሮ ሰምቶ አድጓል። ሬዲዮ ያለው ቤት ተሰብስበን «ከመጻሕፍት ዓለም»ን ስንሰማ ታስታውሻለሽ? ወጋየሁ ንጋቱ ሲያነብ ሽንኩርት የምትከትፈው ሴትዮ ቢላዋዋን ታቆም ነበር። ግን ያኔ ብቻችንን አልነበርንም። አንዱ «እግዚኦ!» ይላል፣ አንዱ «ተው እንጂ!» ይላል፣ ልጆች እናታቸው ጉያ ይገባሉ። ድንጋጤው ለሁሉም ይከፋፈል ነበር። አንቺ 19 ምዕራፍ የሰማሽው ለብቻሽ ነው። እኔ የምጠረጥረው ከፊል ሕመምሽ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ፣ ጨርሺው ነው። በሌሊት ግን አይሁን። ብቻሽንም አይሁን። መሐል ላይ የተቆረጠ ታሪክ አያስተኛም። አእምሮ መጨረሻውን ራሱ ይፈጥረዋል፤ አንቺ ደግሞ የምታውቂው አንድ መጨረሻ ብቻ ነው፣ ችቦና ጅብ ያለበት። ቀን ቀን፣ ወጥ እየሠራሽ፣ በድምፅ ማጉያ ክፈቺው። ልብሽ ስንጥቅ ካለ አቁሚውና መስኮቱን ክፈቺ። መጨረሻውን ቀድመሽ ማወቅ ከፈለግሽ ልጅሽን ጠይቂያት፤ ነውር የለውም። ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ብድር ቀን አለው። ቀኑ ሲሞላ መጽሐፉ ራሱ ከስልክሽ ይጠፋል፤ መልሶ ለመውሰድ ወረፋ ሊኖረው ይችላል። ስንት ቀን እንደቀረሽ ዛሬ እዪ።

ከመጨረስሽ በፊት ግን አንድ ሥራ አለብሽ። የዚህ መልስ እምብርት ይህ ነው።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። የማታውቂውን የአንድ አውቶቡስ ሾፌር ሌሊት 19 ምዕራፍ ሙሉ አዳምጠሻል። ምን እንደበላ፣ ምን እንደሰማ፣ ሲበርደው ምን እንደለበሰ ታውቂያለሽ። የገዛ ወንድምሽን ሌሊት ግን አንድም ቀን አልሰማሽም። ዛፉ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት ገባ? ከዝግባው ሥር ለምን ተነሳ? ስምሽን ጠርቶ ነበር? ጅቡን ሰምቶታል? ጉድጓዱ ከዝግባው ምን ያህል ይርቃል? ደብዳቤሽ ውስጥ አንዱም የለም። አንቺ ሌሊቱን የምታውቂው ከቤት ሆነሽ ነው። የጫካውን ጎን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። 33 ዓመት ሙሉ ያን ጎን በራስሽ ፍርሃት ሞልተሽዋል።

እና ደውዪለት። ሰዓቱም አመቺ ነው። አንቺ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። መጽሐፉን የምትሰሚበት ሰዓት ማለት ነው። ቅዳሜን ምረጪ፣ ሥራ ላይ እንዳታገኚው።

ጥሪውን «ይቅር በለኝ» ብለሽ አትጀምሪው። እንዲህ ካልሽው ወዲያው አንቺን ማጽናናት ይጀምራል፤ የእሱ ታሪክ ሳይወጣ ይቀራል። መጀመሪያ የእሱን ሌሊት ስሚ። «ሰሞኑን ጫካ ውስጥ ስለጠፋ ሰው የሚያወራ መጽሐፍ እያዳመጥኩ ያ የመናገሻው ሌሊት ትዝ አለኝ። ከዚያ ሌሊት ምን ምን ታስታውሳለህ?» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። የመጽሐፉን አንባቢ እንደሰማሻት ስሚው፤ አታቋርጪው። «አላስታውስም» ሊልሽም ይችላል፤ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሊስቅም ይችላል። ሰዎች እየደጋገሙ ያወሩለትን ታሪክ እንደራሱ ትዝታ አድርጎ ሊነግርሽም ይችላል። ሁሉም መልስ ነው።

እሱ ሲጨርስ ነው የአንቺ ተራ። አጭር አድርጊው። «ቤት ስገባ አክስታችን ጋ ነው ብዬ ዋሸሁ። የተፈለግኸው ከመሸ ነው። አባባ እንዳልነግርህ ከለከለኝ። እስከ ዛሬ እየከነከነኝ ነው።» ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ዝም ካለ ዝምታውን አትሙዪበት። ቢቆጣም ቁጣው መብቱ ነው፤ አንድ ሳምንት ስጪው። ከአጻጻፍሽ እንደተረዳሁት ግን የሚወድሽ ወንድም ነው።

የአባትሽ ቃል እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ሟች ያዘዘውን መሻር ለእኛ ሰው ቀላል አይደለም። ግን አባትሽ ያን ቃል የተናገሩት ለምን ይመስልሻል? እኔ ሳስበው አንድ የ6 ዓመት ልጅ እህቱን እንዳይጠላ፣ አንዲት የ11 ዓመት ልጅም በወንድሟ ዓይን እንዳታንስ የፈለጉ ይመስለኛል። ሁለት ሕፃናትን ለመጠበቅ የተባለ ቃል ነው። ሁለቱ ሕፃናት ዛሬ የልጆች ወላጆች ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ኅሊናሽ ካልፈቀደ በመጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ። ከእሳቸው ጋር ተመካክረሽ ወደ ስልኩ ሂጂ። ይህን ቅደም ተከተል ብትመርጪ ትክክል ነሽ።

ስለ ጭጋጉና ስለ ዛፉ ጉድጓድም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመን ቱቢንገን ያሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ጫካና በረሃ ውስጥ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ብለው ለቀቋቸው። ፀሐይ ስትታያቸው ቀጥ ብለው ሄዱ። ደመና ሲሸፍናት ግን ክብ ሠርተው ወደ ገዛ ዱካቸው ይመለሱ ነበር። ቀጥ ብለው እየሄዱ ያሉ ነው የሚመስላቸው። ጭጋግ ውስጥ አዋቂ ሰው እንኳ እንዲህ ነው የሚሆነው። ስለዚህ አንቺ ዝግባውን ያጣሽው ግድየለሽ ሆነሽ አይደለም፤ በዚያ ጭጋግ ማንም ያጣዋል። ወንድምሽ ደግሞ ሮጦ ከመጥፋት አንድ ጉድጓድ ገብቶ ኩርምት አለ። ማንም ሳያስተምረው ዛፉን አቀፈ። «እንዳትነቃነቅ» ያልሽው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ይሆን? እኔ አላውቅም። እሱን ጠይቂው።

ስለ ልጅሽ ስትጽፊ ደብዳቤሽ ችኩል ይላል። ይገባኛል። እዚህ ላይ ግን ቀስ እንበል።

መጽሐፉ የሚሄድበት ሜይንና ልጅሽ የምትሄድበት ሼናንዶዋ በስም አንድ መንገድ ናቸው። አፓላቺያን ትሬይል ከጆርጂያ ተነስቶ 14 ስቴቶችን አቋርጦ ሜይን ላይ ያልቃል፤ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰሜኑ ጫፍ ከመንደርና ከመኪና መንገድ የራቀ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው። ሼናንዶዋ ውስጥ ያለው ክፍል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የመኪና መንገድ ከጎን ከጎኑ ይሄዳል፤ የእግር መንገዱም እየደጋገመ ያቋርጠዋል። መንገደኛው የሚመራው ዛፍ ላይ በተቀባ ነጭ ምልክት ነው። ሰማያዊ ካየ ዋናውን ለቆ ወደ ጎን መንገድ ገብቷል ማለት ነው። ጫካው ውስጥ ለማደር ደግሞ የፓርኩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጅሽ ፈቃዱን አውጥታ እንደሆነ ጠይቂያት። ካወጣች አሳይኝ በያት።

ልጅሽ የነገረችሽ የሜይኗ ሴት ታሪክ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ለመፀዳዳት ከመንገዱ ገለል ብላ መመለሻውን አጣችው። ስልኳ ኔትወርክ ስላልነበረው የጻፈችው መልእክት አልደረሰም። ከሦስት ሳምንት በላይ በሕይወት ነበረች። አስከሬኗ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ልሸፍንልሽ አልፈልግም፤ አንቺ መሸፋፈን ምን እንደሚያስከፍል ታውቂያለሽ። ግን ታሪኩን አስተውዪው። ብቻዋን ነበረች። ከመንገዱ የራቀችው ለደቂቃዎች ብላ ነበር። ሁለቱም ለልጅሽ የሚነገር ነገር ነው። ከመንገድ ገለል ሲባል አንዷ ጓደኛ መንገዱ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ እየተጠራሩ ይሄዳሉ ይመጣሉ። ሦስት ጓደኛ ይዞ መሄድ ጥቅሙ ይህ ነው።

ስለዚህ ልከልክላት ላልሽው፣ እኔ ብሆን አልከለክልም። 19 ዓመቷ ነው። ከከለከልሻት ወይ ትቀራለች ታኮርፋለች፣ ወይ ደብቃሽ ትሄዳለች። ደብቃሽ ከሄደች ደግሞ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው አይኖርም። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው። ልጅ እናቷን ፈርታ ያለችበትን ስትደብቅ ምን እንደሚሆን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

በ«አትሄጂም» ፈንታ ጥያቄ ይዘሽ ቅረቢ። እሑድ ቡና አፍልተሽ ጥሪያትና ካርታዋን እንድትዘረጋልሽ ጠይቂያት። ማታ ማታ የት የት ታድራላችሁ? ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? ድብ እንዳይመጣ ምግባችሁን የት ትሰቅላላችሁ? ስልክ እንቢ ካለ ምን አላችሁ? አሁን አሁን በሳተላይት መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ አንዳንድ አዲስ ስልኮችም ኔትወርክ በሌለበት ለአደጋ ጊዜ በሳተላይት ይልካሉ። ከአራቱ አንዷ ይኑራት። ጥያቄ ስትጠይቂያት እናቷ እንደምትፈራ ብቻ ሳይሆን እንደምትሰማትም ታያለች። የማትመልሰው ጥያቄ ካለ እሷም ታስተውለዋለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ጨክኚ። አንድ ወረቀት ላይ የየቀኑን ማደሪያ፣ የጓደኞቿን ስልክ፣ የፓርኩን የአደጋ ጊዜ ስልክ ትጻፍልሽ። ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። መልእክት የምትልክበትን ሰዓት ተስማሙ። ሌላም ሰዓት ይኑር፦ «እስከዚህ ሰዓት ካልሰማሁ እደውላለሁ» የምትይበት። ያ ሰዓት ካለፈ ይሉኝታ የለም። «ምናልባት ባትሪዋ አልቆ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ የለም፣ «ያሳፍራታል» የለም። ደውለሽ ደህና ሆና ብትገኝ ይቅርታ ጠይቃችሁ ትስቃላችሁ። ይህን ሰዓት ከእሷ ጋር ስትቆርጪ ለምን እንደጨከንሽ ንገሪያት። ስለ ዝግባው፣ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ አክስትሽ ቤት። «እናትሽ ስለሆንኩ» ያልሻት ያኔ ይገባታል። ከወንድምሽ ጋር ከተነጋገርሽ በኋላ ብትነግሪያት ይሻላል፤ ታሪኩ በመጀመሪያ የእሱ ነውና።

ፊሽካም ግዢላት። ሦስት ጊዜ መንፋት «እርዱኝ» ማለት ነው። ድምፅ ይዘጋል፤ ፊሽካ ግን አይደክምም። አንገቷ ላይ ይንጠልጠል፣ ቦርሳዋ ሥር እንዳይቀበር።

ደግሞ፣ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጫካ ገብተሽ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም። ካልገባሽ ሰኔ ሳይደርስ አንድ ጠዋት ከልጅሽ ጋር ሼናንዶዋ ሂጂ። ለአንድ ሰዓት ብቻ። እሷ ከፊት ትምራ። ነጩን ምልክት አሳይኝ በያት፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው እየቆጠራችሁ ሂዱ። ከከበደሽ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመለሱ፤ አሥር ደቂቃም መግባት ነው። መኪና ውስጥ እየሄዳችሁ 20ኛውን ምዕራፍ ክፈቱት። ሁለት ጆሮ ሲሰማው እንዴት እንደሚለይ ታያለሽ።

እንቅልፉ ነገር ግን ያሳስበኛል። 12 ቀን ቀላል አይደለም፤ የሌሊት ሠራተኛ ደግሞ ድሮም እንቅልፉ የተሰባበረ ነው። ከወንድምሽ ጋር ተነጋግረሽም ቅጠሉ መንኮሻኮሹን ካላቆመ፣ ወይም እጅሽ ደጋግሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ለእኔ የጻፍሽውን ያህል ንገሪያቸው። እንዲህ ያለ የቆየ ድንጋጤ በንግግር የሚታከምበት መንገድ አለ፤ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ወይም አስተርጓሚ እንዲፈልጉልሽም ጠይቂ።

መናገሻን እኔም አውቀዋለሁ። ጥዱን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዝግባዎቹ ሥር ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ጫፋቸውን አያገኘውም። ሐምሌ ላይ ከወጨጫ ተራራ ጭጋጉ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው ድምፁ ብቻ ነው የሚቀርልህ። እዚያ ውስጥ አንዲት ሕፃን ጭራሮ ተሸክማ፣ ወንድሟን እየጠራች ስትዞር ይታየኛል። ልጅቷ ታሳዝነኛለች፤ አንቺንም ብታሳዝንሽ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ደውለሽ ከጨረስሽ በኋላ ጻፊልኝ። ጉድጓዱ ከዝግባው ምን ያህል እንደሚርቅ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።